የሚደግፉ በግራ፣ የሚቃወሙ በቀኝ

"እዛ ጋ አለ! አባዬ፣ በቀኝህ! አለፍከው እኮ!"

ኃይሉ ፍሬን ያዘ። ከኋላው ያለው መኪና ጡሩንባውን ለቀቀበት። ባዶዋን ቦታ ፍለጋ አንገቱን ሙሉ በሙሉ እስኪያዞር ድረስ አንድ ነጭ ፒክአፕ ተጠምዝዞ ገባባትና ሞተሩን አጠፋ።

"ኦኬ፣ ይሄ ፈኒ ነው" አለች ሐምራዊት። "ስለ ፓርኪንግ ልንሰበሰብ መጥተን ፓርኪንግ አጣን።"

ኃይሉ አልሳቀም። የቤተ መጻሕፍቱን ግቢ እንደገና መዞር ጀመረ። ስብሰባው ሊጀመር ነው። ፀሐይዋ ገና ከከተማቸው ከስማይርና ዛፎች በላይ ናት፤ ብርሃኑ ከመኪኖቹ ጣራ ላይ እየነጠረ ዓይኑን ይወጋዋል።

"እኔ ልንዳልህ?"

"ምን ሆኜ?"

"ደክሞህ ከሆነ ብዬ ነዋ።"

"ዳውንታውን ስንት ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰውዬ፣ የላይብረሪ ፓርኪንግ ያደክመኛል?"

እውነቱ ሌላ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የዓይን ሐኪሙ ግላኮማ የሚባለው በሽታ ሳይታወቅ ብዙ እንደሄደ፣ በሁለቱም ጎን ያለውን እይታውን እንደወሰደበት ነግሮታል። "የቀረህን ለማዳን እንሞክራለን። መኪና ግን ከዛሬ ጀምሮ አትንዳ" አለው። ኃይሉ "እሺ" ብሎ ጠብታውን ተቀበለና መኪናውን አስነስቶ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለሐምራዊት ሊነግራት ስልክ አንስቶ ስለ ጎማ ዋጋ አውርቶ ዘግቶ ያውቃል። ግራ ያጋባው ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ የሚታየው መሆኑ ነው። የማይታየው ነገር ጨለማ ሆኖ አይመጣም፤ ዝም ብሎ የለም።

በመጨረሻ ከአጥሩ ጥግ፣ ሣር ላይ የቆሙ መኪኖች አይቶ ከእነሱ ጎን ገባ። የቀኙ መስተዋት ከብረት ምሰሶ ጋር ተፋተገና ቀጭ ብሎ ታጠፈ።

"አባዬ!"

"ለመታጠፍ የተሠራ ነው" አለና ወረደ። ቁልፉን እንዳትጠይቀው ኪሱ ከተተው።

ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያናቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን አንድ ትልቅ የፈርኒቸር መደብር ነበረ፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ሰፊው ፓርኪንጉ ግን ስላለ ምእመናኑ እሑድ እሑድ መኪናቸውን እዚያ ያቆማሉ። የቦታው ባለቤት አይቶ እንዳላየ ዝም ብሏቸው ኖሯል። መኪኖቹን የሚያስተናግደው ኃይሉ ነው። ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ፣ መግቢያው ላይ ቆሞ፣ አንዱን በእጁ እየጠራ፣ ሌላውን እያስቆመ፣ አሮጊቶችን ከበሩ አጠገብ እያስወረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው ግማሹ የአባቱን ስም አያውቅም፤ "ጋሽ ኃይሉ ፓርኪንግ" ነው የሚሉት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ጠዋት ነበር።

አሁን ቦታው ላይ አምስት ፎቅ አፓርትመንት ሊሠራ ነው ተባለ፤ ሁለት መቶ ያህል ቤት። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መኪና ማቆሚያ እንኳ አይደርስም። የዛሬው ስብሰባ ከተማው ከመፍቀዱ በፊት የሰፈሩን ሰው ሐሳብ የሚሰማበት ነው። ትናንት ፓስተር ዮሐንስ ደውሎለት "ጋሽ ኃይሉ፣ ነገ ሄደው ይቃወሙልን። እርስዎ ከፈረንጅ ጋር ማውራት ይችሉበታል፤ ነገሩንም ከማንም በላይ ያውቁታል" አለው። ኃይሉ እሺ አለ። የሚናገረውን ሲያብሰለስል አደረ። ሐምራዊት ከምትሠራበት የሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ወጥታ በቀጥታ የመጣችው እሱን ለማጀብ ነው። መኪናዋን እቤቱ ደጅ አቁማ "በእኔ እንሂድ" ስትለው ቁልፉን ይዞ ቀድሟት ወጥቷል።

አዳራሹ ሞልቷል። በሩ ላይ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴትዮ "አይሆንም" የሚል ቀይ ክብ ወረቀት ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። ዶና እባላለሁ አለችው፤ ከፓርኪንጉ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ነው የምትኖረው።

"ከቤተ ክርስቲያኑ ነህ? እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተ ካልመጣችሁ ብቻችንን ነበርን" ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችውና አጠገቧ አስቀመጠችው። ኃይሉ ደስ አለው። ስንት ዓመት በዚያ ሰፈር ሲመላለስ ከጎረቤቶቹ አንድም ሰው እጁን ጨብጦት አያውቅም።

ስለ ሕንፃው ሊያስረዳ የተነሣውን ወጣት ሲያይ ግን ደስታው ተደነጋገረበት። ሱፍ የለበሰው ልጅ ፊሊሞን ነው። በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ተምሮ ያደገ፣ አርክቴክት ሲሆን ጉባኤው በሙሉ ቆሞ እልል ያለለት ልጅ። ግድግዳው ላይ የሕንፃውን ሥዕል እያሳየ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ከታች ሱቆች፣ ከላይ ሰገነቶች፣ ፊት ለፊቱ ዛፍና አግዳሚ። በሥዕሉ ላይ የተሣሉት ሰዎች ሁሉ በእግራቸው ይሄዳሉ።

"አንድ የመኪና ማቆሚያ መሥራት ብዙ ወጪ ነው" አለ ፊሊሞን። "ያ ወጪ ወደ ኪራይ ይሄዳል። መኪና የሌለው ሰው ለምን የሌላውን ሰው መኪና ቤት ይከፍላል? ማቆሚያውን ከቀነስን ኪራዩን ዝቅ ማድረግ እንችላለን። ነርሶች፣ አስተማሪዎች፣ አረጋውያን ይገቡበታል።"

ሐምራዊት ወደ አባቷ ጆሮ ተጠግታ "ላይክ፣ ሜክስ ሴንስ" አለች በሹክሹክታ። "እኔ ለአፓርትመንቴ ፓርኪንግ ብቻ በወር የምከፍለውን ብታውቅ..."

"ከማን ጋር ነው የመጣሽው አንቺ?"

"ካንተ ጋር። ግን ልክ ነው ያለው።"

ዶና እጇን አውጥታ ተነሣች። "እነዚህ ሰዎች መኪና አይኖራቸውም ማለት ቀልድ ነው። ይኖራቸዋል፤ የሚያቆሙትም እኛ ደጅ ነው። አሁንም እኮ እያየነው ነው። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መንገዳችንን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል፤ ከግቢዬ መውጣት አልችልም። እሑድ ብቻ የነበረው በየቀኑ ሊሆን ነው!"

ከኋላ ያሉት አጨበጨቡ። ዶና ስትቀመጥ ኃይሉን አየችውና ፊቷ ቀላ። ክንዱን ነካ አደረገችው። "አንተን ማለቴ አይደለም። አንተ ጨዋ ሰው ነህ።"

ኃይሉ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ወረቀት አየ፤ የእሷም ላይ ያው ነው። ሴትዮዋ የምትቃወመው ሕንፃውን ነው ወይስ እሱን? ደግሞ ውሸቷን አይደለም። ፓርኪንጉ ሲሞላ ትርፉን መኪና በእጁ እያሳየ ወደዚያ መንገድ የሚልከው እሱ ራሱ ነው።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ፓስተር ዮሐንስ ነው። ኮሪደር ወጥቶ አነሣው።

"ጋሽ ኃይሉ፣ ተናገሩ እንዴ?"

"ገና ነኝ ፓስተር።"

"ጌታ ይመስገን! ጌታ ይመስገን! እንዳይቃወሙ። ነገሩ ተቀይሯል። ፊሊሞን አሁን ደውሎልኝ ነበር። ሕንፃው ከተፈቀደ እሑድ እሑድ ከታች ያለውን ፓርኪንግ ይሰጡናል፤ በጽሑፍ። ስለዚህ ይደግፉልን።"

"ትናንት ተቃወሙ አሉኝ እኮ።"

"ትናንት ይሄ በር አልተከፈተም ነበራ።"

"ፓስተር፣ የሕንፃው ሰዎች ራሳቸው የሚያቆሙበት የላቸውም እየተባለ ነው። እሑድ መኪናቸውን የት ያደርሱታል? ሁሉም ሥራ ይሄዳል እንዴ እሑድ?"

"እሱን እነሱ አስበውበታል። እርስዎ ቤተ ክርስቲያናችን ትደግፋለች ይበሉ፤ ሌላውን ለጌታ እንተወው።"

ኃይሉ ስልኩን ዘግቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። የውኃ መጠጫው አጠገብ ፊሊሞን ሸሚዙን እያስተካከለ ነበር። ሲያየው ሮጦ መጥቶ ትከሻውን ሳመው።

"ጋሽ ኃይሉ! እንዴት ነህ... ነዎት፣ ሶሪ። ፓስተር ደወለልዎት?"

"ደወለልኝ። ስማ ልጄ፣ እኔ አልገባኝም። ፓርኪንግ ትንሽ ነው ትላለህ፤ ከዚያ ለእኛ ትሰጣለህ። ከየት አምጥተህ?"

"ሼር ነው የሚደረገው። ላይክ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አይጠቀምም። ስተዲ አስደርገናል።"

"እሑድ ጠዋት ሁሉም ሰው እቤቱ ነው።"

ፊሊሞን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። "ኦነስትሊ ጋሼ፣ እሑድ ትንሽ ታይት ነው፤ ይጠባል። ግን በጊዜ ብዛት ሰው መኪናውን ይተዋል። ሐሳቡ እሱ ነው። ሰው ያለ መኪና መኖር እንዲችል።"

"እዚህ? ስማይርና?"

"ከአንድ ቦታ መጀመር አለበታ" አለና በስሙ ሲጠሩት ወደ ውስጥ ሮጠ።

ኃይሉ ወዲያው አልተከተለውም። ሰው ያለ መኪና መኖር እንዲችል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲገላበጥ ያልተናገረውን ነገር ልጁ እንደ ተስፋ ነው የሚያወራው። እሱ ግን ቤቱን ሲያስበው፣ ዳቦ ለመግዛት መኪና፣ ሐኪም ጋ ለመሄድ መኪና፣ የሐምራዊትን ልጅ ሚካኤላን ለማየት መኪና። ያለፈው እሑድ ደግሞ መጣበት። ፓርኪንጉ መግቢያ ላይ ቆሞ አንዱን ቫን በእጁ "ና፣ ና" እያለ ሲጠራ አንዲት እናት ጮኸች። ልጇን ይዛ በጎኑ እያለፈች ነበር፤ ፈጽሞ አላያትም። ሹፌሩ ባያቆም ኖሮ። ሴትየዋ "ምንም አልሆንንም ጋሼ" ብላ ራሷ አጽናናችው። ሰው ሁሉ ድካም ነው አለ።

ወደ አዳራሹ ሲመለስ ሁለት ሰልፍ ተሠርቷል። ስብሰባውን የምትመራው ሴት "የሚደግፉ በግራ ማይክራፎን፣ የሚቃወሙ በቀኝ" ብላለች። ዶና በቀኝ በኩል ሆና ና እያለች ትጠራዋለች። በግራ በኩል ፊሊሞን አገጩን ከፍ አድርጎ ያየዋል። ሐምራዊት ከመቀመጫዋ "የት ነህ?" በሚል ዓይን ትፈልገዋለች። ስሙ ተጠራ፤ ሴትዮዋ ከወረቀቷ ላይ እየታገለች "ሚስተር... ሄሉ?" አለች።

ኃይሉ በሁለቱ ሰልፎች መካከል ባለው መተላለፊያ ሄዶ ሄዶ መሐል ላይ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?"

"እኔ አላወቅኩም" አለ በእንግሊዝኛ።

ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። አንድ ሰው የግራውን ማይክራፎን ገመዱን እየጎተተ አቀበለው። ሌሊቱን ሲያብሰለስል ያደረውን ንግግር ፈለገው፤ አንድም ቃል አላገኘም።

"ከቤተ ክርስቲያኑ ነኝ። እሑድ መኪና የማቆመው እኔ ነኝ። ትናንት እንድቃወም ተነገረኝ። አሁን ደግሞ እንድደግፍ ተነገረኝ። እቺ ወይዘሮ ጥሩ ሰው ናት፤ የተናገረችውም እውነት ነው፤ መንገዷን የምንሞላው እኛ ነን። ያ ልጅ የእኛ ልጅ ነው፤ እሱም ውሸት አልተናገረም።" ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ከገባሁ ጀምሮ የምንነጋገረው መኪናው የት እንደሚያድር ነው። ሐኪሜ ዓይንህ ጠፍቷል፣ ከእንግዲህ አትነዳም ብሎኛል። ሁለት ሳምንት ሆነው። ዛሬ ግን ነድቼ መጣሁ፤ ምክንያቱም በሌላ በምን እንደምመጣ አላውቅም። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ከቤቱ እንዴት ነው የሚወጣው? ይሄንን የሚያውቅ ሰው ካለ ንገሩኝ። ከዚያ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ ወደ ፊሊሞን ዞረች። ፊሊሞን ማይክራፎኑን ይዞ ስለ አውቶቡስ፣ ወደፊት ስለሚሠራ የእግረኛ መንገድ ጥቂት ተናገረና መሐል ላይ አቆመ። "እስካሁን... ጥሩ መልስ የለኝም" አለ።

"ሰዓትዎ አልቋል፤ እናመሰግናለን" አለች ሰብሳቢዋ።

ኃይሉ ዞሮ የሐምራዊትን ወንበር ሲያይ ባዶ ነው።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ኃይሉ ግን እስከዚያ አልቆየም። ሐምራዊትን ከመኪናው አጠገብ፣ የታጠፈውን መስተዋት እያየች አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ማክሰኞ ሚካኤላን ከትምህርት ቤት ያመጣሃት አንተ ነህ።"

"አዎ።"

"ሐኪሙ ከነገረህ በኋላ።"

"በዝግታ ነው የነዳሁት፤ በውስጥ ለውስጥ መንገድ..."

"አምስት ዓመቷ ነው አባዬ! አምስት! እኔ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ምን እንደሚመጣ በዓይኔ ነው የማየው። ለእኔ አትነግረኝም፣ ለማታውቃቸው ፈረንጆች በማይክራፎን ትነግራለህ?"

ኃይሉ ሰበብ ፈለገ፤ እልፍ ሰበብ ነበረው፤ ሁሉም ደግሞ ሚካኤላ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች በምትዘፍንበት ሥዕል ፊት ይፈርሳል።

"ፈራሁ" አለ። "ከነገርኩሽ በኋላ ማን እንደምሆን አላወቅኩም።"

ሐምራዊት እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ሰጣት።

ኃይሉ በገዛ መኪናው ውስጥ በተሳፋሪው በኩል ተቀምጦ አያውቅም። ዛፎቹ፣ ነዳጅ ማደያው፣ የመኪና እጥበቱ ሁሉ የሌላ ከተማ መሰሉት። ስልኩ ሁለቴ ጠራ፤ ፓስተሩ ነው። ኃይሉ አላነሣውም። ምን ይበለው፤ ደግፌያለሁ ወይስ ተቃውሜያለሁ?

"ሐምራዊት፣ እስቲ በስልክሽ እይልኝ። ከቤቴ አጠገብ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ የት ነው?"

"አሁን?"

"አሁን።"

ቀይ መብራት ላይ ስትቆም አየችለት። "ዋናው መንገድ ላይ አንድ አለ ይላል። እዚህ ስንት ዓመት ኖረህ አታውቀውም?"

"ምን አሳወቀኝ።"

ፌርማታው ሣር ውስጥ የተተከለ ምሰሶና ትንሽ ሰሌዳ ብቻ ነበር። መቀመጫ የለው፣ ጥላ የለው። ሐምራዊት የድንገተኛ መብራቱን አብርታ ዳር ያዘች። መኪኖች እያፏጩ ያልፏቸዋል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ ግን ገና ቀን ነው።

ኃይሉ ቀበቶውን ፈታ።

"የት ነው?"

"ከዚህ በእግሬ ልሂድ።"

"አባዬ፣ ሳይድዎክ እንኳን የለውም!"

"አየሁት። በሣሩ ላይ እሄዳለሁ። መሄድ የሚቻል መሆኑን ማወቅ አለብኝ። ካልተቻለም አለመቻሉን ልወቅ፤ በሚቀጥለው ወር ሲጠይቁኝ የምለው ይኖረኛል።"

"እኔም አብሬህ ልሂድ እንግዲህ።"

"መኪናውን የት ታቆሚዋለሽ?"

ሐምራዊት ሳትፈልግ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ሁለቱም ወረዱ። ኃይሉ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ፤ አንገቱን እስኪያመው ድረስ እያዞረ። በዚህ በኩል ቢሄድ መኪኖቹ ከኋላው ነው የሚመጡት፤ አያያቸውም። በወዲያኛው ዳር ከሄደ ግን ፊት ለፊት ይመጡለታል። መሻገር አለበት። አንድ መኪና ከየት መጣ ሳይባል ሽው ብሎ አለፈ። ኃይሉ አንድ እግሩን ወደ ኋላ መለሰ።

ደረቱን ነፍቶ እንደገና ሊሞክር ቃጣ። ከዚያ ተወው።

"ሐምራዊት" አለ ሳይዞር። "መንገዱ ነፃ ሲሆን ንገሪኝ።"

አጠገቡ መጥታ ቆመች። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ ተከትሎት ሌላ። ኃይሉ ፊት ለፊቱን እያየ ጠበቀ።

"አሁን" አለችው።

ሄደ።